ጥገኛ ተርብን የሚጠራው የትኛው ተክል ነው?

ጥገኛ ተርብን ወደ ማሳ ስለ መሳብ ሲወራ ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው ምክር «አበባ ትከሉ፣ ራሳቸው ይመጣሉ» የሚል ነው። ምክሩ ሐሰት ባይሆንም ጎዶሎ ነው። ተርቧ ወደ አንድ ተክል የምትሄደው ወይ ለራሷ የምትበላውን ፈልጋ፣ ወይ እንቁላሏን የምትጥልበትን ትል ፈልጋ ነው። ምግብ ስትሻ የሚጠራት ወለላ፣ ማለትም ተክሉ የሚያወጣው ጣፋጭ ፈሳሽ ነው፤ ትል ስትሻ ደግሞ ትል የበላው ቅጠል ሽታ። ሁለቱን አሟልቶ የሚሰጥ ተክል ብዙ አይደለም። እዚህ የምጽፈው በአብዛኛው ስለ በቆሎ፣ ስለ አገዳ ቆርቁርና ስለ መጤ ተምች ነው፤ በምሥራቅ አፍሪካ የተክልና የተርብ ግንኙነት ከሁሉ በተሻለ የተጠናው በእነዚህ ላይ ስለሆነ።

ጥገኛ ተርብ ስንል ሰው የሚነድፈውን ትልቁን ተርብ ማለታችን አይደለም። በአገዳ ቆርቁር ላይ የሚሠሩት ኮቴሲያ የሚባሉት ዝርያዎች ርዝመታቸው ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ነው፤ ጥቁር ናቸው፤ ሰው አይነኩም፤ ካላጎነበሱም አይታዩም። ኮቴሲያ ፍላቪፔስ የምትባለው በአንድ ትል ውስጥ ከ30 እስከ 40 እንቁላል ትጥላለች። ልጆቿ ትሉን ከውስጥ እየበሉ ያድጉና በ10 እና በ14 ቀን መካከል ቆዳውን በስተው ይወጣሉ፤ ወዲያው እያንዳንዳቸው ነጭ የሐር ጎጆ ይሠራሉ። አገዳ ሰንጥቃችሁ ከሞተ ትል አጠገብ የሩዝ ፍሬ የሚያካክሉ ነጫጭ ነገሮች ተከማችተው ካገኛችሁ የትል እንቁላል እንዳይመስላችሁ። የተርቧ ልጆች ናቸው፤ አታቃጥሏቸው፣ አትጨፍልቋቸው።

አሁን ወደ ሽታው። ቅጠል ሲቆረጥ በሴኮንዶች ውስጥ የታጨደ ሣር ሽታ ይወጣል። ይህን ሽታ ምላጭም ፍየልም ስለሚያስወጣው ለተርቧ ብዙም አይነግራትም። ዋናው መልእክት የሚመጣው ከሰዓታት በኋላ ነው፤ በቆሎው ሊናሎል፣ ኦሲሚን፣ ፋርኔሲን የመሳሰሉትንና ባለሙያዎች በአጭሩ ዲኤምኤንቲ የሚሉትን ተን እየሠራ ይለቃል። ቴድ ተርሊንግስና ባልደረቦቹ በ1990 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት እንዳሳዩት ቅጠሉን በምላጭ መፋቅ ብቻውን ይህን ሽታ በሚገባ አያስወጣውም፤ የተፋቀው ቦታ ላይ የትል ምራቅ ሲቀባ ግን ይወጣል። በ1997 እ.ኤ.አ. ደግሞ ከምራቁ ውስጥ ተክሉን የሚቀሰቅሰው ንጥረ ነገር ተለይቶ ቮሊሲቲን ተባለ። የሚሸተው የተበላው ቅጠል ብቻ አይደለም፤ ያልተነኩት የዚያው ተክል ቅጠሎችም አብረው ይሸታሉ። አንድ በቆሎ ላይ አንዲት ትንሽ ትል ብቻ እያለች ተርቧ ከሩቅ የምታገኛት ለዚህ ነው።

ሽታው ሁልጊዜ እኩል አይወጣም። በብርሃን ይበረታል፣ በጨለማ በጣም ይቀንሳል፤ ተርቦቹም የሚበሩት በቀን ነው። ማዳበሪያ ያላገኘ በቆሎ የሚለቀው ሽታ አነስተኛ ነው። ስለዚህ በከሳ መሬት ላይ የቆመ ቢጫ በቆሎ የሚጎዳው ሁለት ጊዜ ነው፤ ትሉን መቋቋም ያቅተዋል፣ እርዳታ ለመጥራትም አቅም ያጣል። ብዙ ሰው ተባይን በተፈጥሮ መንገድ መቆጣጠር ማዳበሪያና ኮምፖስት ከመጨመር ጋር የሚገናኝ አይመስለውም፤ በደንብ ይገናኛል።

ተርቧ ተክሎችን ብቻ ሳይሆን በተክሉ ላይ ያለውን ትል ጭምር በማሽተት ትለያለች። በ1998 እ.ኤ.አ. ኮንሱዌሎ ዴ ሞራይስና ባልደረቦቿ በትምባሆ፣ በጥጥና በበቆሎ ላይ ባደረጉት ሥራ፣ ካርዲዮኪለስ የምትባለው ተርብ የምትፈልገው ትል የበላውን ተክል፣ በጣም ተቀራራቢ የሆነ ሌላ ትል ከበላው ተክል ለይታ ወደ መጀመሪያው ትሄድ ነበር። ተክሉ እንደበላው ትል ዓይነት የሚለቀውን ሽታ ይቀያይራል ማለት ነው። ሁሉም ተርብ ግን እንዲህ ጠንቃቃ አይደለም። ኮቴሲያ ፍላቪፔስ ከእስያ የመጣው ቺሎ የተባለው አገዳ ቆርቁር የገባበትን በቆሎም፣ የአገራችን ነባር የሆነው ቡሴዎላ የገባበትንም በቆሎ እኩል ትወዳለች። ሄዳም በሁለቱም ትሎች ውስጥ እንቁላል ትጥላለች። በቺሎ ውስጥ ልጆቿ ያድጋሉ፤ በቡሴዎላ ውስጥ ግን የትሉ ደም ሴሎች እንቁላሉን ከብበው ያፍኑትና ይሞታል። ኮቴሲያ ሴሳሚዬ የምትባለው የአፍሪካ ነባር ተርብም ራሷ እንደ መጣችበት ቦታ ትለያያለች፤ ከኬንያ የባሕር ዳርቻ የመጣችው በቡሴዎላ ውስጥ አይሳካላትም፣ ከደጋው የመጣችው ይሳካላታል።

ይህ ለአገራችን ገበሬ በቀጥታ ይሠራል። ቺሎ በብዛት የሚገኘው በቆላና በዝቅተኛው ወይና ደጋ ነው፤ ቡሴዎላ ደግሞ ከፍ ባለውና ቀዝቀዝ ባለው አካባቢ። ኮቴሲያ ፍላቪፔስ በ1993 እ.ኤ.አ. ኬንያ ውስጥ ቺሎን እንድትቆጣጠር የተለቀቀች ናት። ኢትዮጵያ ውስጥ ማንም ሳይለቃት ራሷ ገብታ መስፈሯን እማና ጌቱና ባልደረቦቻቸው በ2003 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል። ስለዚህ ቆላ ላይ የሠራ ዘዴ ደጋ ላይ ሳይሠራ ሲቀር ጥፋቱ የአተካከል ላይሆን ይችላል፤ ትሉ ሌላ ስለሆነ ነው። ከመትከል በፊት ትሉን ማወቅ ይቀድማል።

ሳይበሉ የሚሸቱ ተክሎችም አሉ። ከሁሉ የታወቀው የሞላሰስ ሣር ነው፤ ሲነኩት እጅ ላይ የሚጣበቅ፣ ጣፋጭ የሞላሰስ ጠረን ያለው፣ መዥገር የሚሸሸው ሣር። ትል ሳይነካው ዲኤምኤንቲን ይለቃል፤ በቆሎ የሚለቀው ሲጎዳ ብቻ የሆነውን ያንኑ ተን ማለት ነው። ዘያውር ካን፣ ጆን ፒኬትና ባልደረቦቻቸው በ1997 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት ይህ ሣር በበቆሎ መካከል ሲተከል የአገዳ ቆርቁር እናት የእሳት እራት ትሸሻለች፣ ኮቴሲያ ሴሳሚዬ ግን ትመጣለች። ለእሳት እራቷ ሽታው «እዚህ ተክል ላይ ትል ሞልቷል፣ ለልጆችሽ ቦታ የለም» ማለት ነው፤ ለተርቧ ደግሞ «እዚህ ትል አለ» ማለት።

ግን ሣሩ ላይ ትል የለም። ታዲያ ተርቧ ተታልላ አትሄድም ወይ? እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ከሩቅ የሚመጣው ሽታ ወደ ማሳው ያስገባታል እንጂ ትሉን አያሳያትም። ከገባች በኋላ የምትመራው በቅርብ ምልክት ነው፤ አገዳው ላይ ካለው ቀዳዳ በሚወጣው እርጥብ የትል ኩስ። አገዳ ላይ ስታርፍ ብታዩአት አንቴናዋን እያርገበገበች ትራመድና ኩሱ ጋ ስትደርስ ቀጥ ትላለች፤ ትዳስሰዋለች፤ ከዚያ በቀዳዳው ገብታ ጨለማው ውስጥ ትሉን ትከተለዋለች። አንዳንዴም ትሉ ዞሮ ነክሶ ይገድላታል። ስለዚህ ሣሩ ከበቆሎው ጎን ለጎን፣ በማሳው ውስጥ መሆን አለበት። ከማሳው ርቆ ለብቻው የተተከለ የሞላሰስ ሣር ተርብ ጠርቶ ባዶ ሜዳ ላይ ይተዋታል።

ይህ ነገር ከተርቦች ትውስታ ጋርም ይያያዛል። ብዙ ጥገኛ ተርቦች ይማራሉ፤ አንድን ሽታ ተከትለው ትል ካገኙ በሚቀጥለው ጊዜ ያንኑ ሽታ ይመርጣሉ፣ ደጋግመው ባዶ ካገኙ ይተዉታል። አንዳንድ አገር የሚሸጡ ሰው ሠራሽ የሽታ ማባበያዎችን ትል በሌለበት ጊዜ መስቀልን የማልደግፈው ለዚህ ነው። ተርቧ ዕድሜዋ የጥቂት ቀናት ነው፤ ባዶ ቦታ ስትዞር የምታጠፋው ቀን አይመለስም።

በጣም አስፈላጊ ሆኖ ሳለ ከሁሉ ያነሰ የሚወራለት የዘር ምርጫ ይመስለኛል። አማኑኤል ታምሩና ባልደረቦቹ ኬንያ ባለው ኢሲፔ በተባለው የነፍሳት ምርምር ማዕከል ሠርተው በ2011 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ የቺሎ እሳት እራት እንቁላሏን ስትጥልባቸው፣ ትሉ ገና ሳይፈለፈል፣ ሽታቸውን የሚቀይሩ ነባር የበቆሎ ዘሮች አግኝተዋል። ሽታው የተጣለውን እንቁላል የምታጠቃ ትራይኮግራማ የምትባል ተርብ ይጠራል፤ ከዚያ አልፎ የሚፈለፈለውን ትል የምትጠብቀውን ኮቴሲያ ሴሳሚዬንም ይጠራል። የተፈተኑት ለገበያ የሚውሉ ዲቃላ ዘሮች ግን ይህን አላደረጉም። ከላቲን አሜሪካ የመጡ ነባር ዘሮች ላይ የታየው ነገር በኋላ ምዕራብ ኬንያ ገበሬዎች እጅ ባሉ ነባር ዘሮች ላይም ታይቷል። ዲቃላው የተመረጠው በምርት መጠን ነው፤ ሽታውን ማንም አልለካም፣ ስለዚህ በመንገድ ላይ ጠፋ። ሁሉም ወደ ነባር ዘር ይመለስ ማለቴ አይደለም፤ የምርቱ ልዩነት ትልቅ ነው። ነገር ግን ከአያት የወረደ የበቆሎ ዘር ያለው ገበሬ ጨርሶ እንዳይጥለው፣ የዘር አዳቃዮችም እንቁላል ሲጣልበት የሚጣራ መሆን አለመሆኑን ከመመዘኛዎቻቸው አንዱ እንዲያደርጉት አጥብቄ እመክራለሁ።

ፑሽ ፑል («ግፋ ሳብ») የሚባለው አተካከል ከእነዚህ ጥናቶች የወጣ ነው። በኬንያ፣ በቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር ባለችው ምቢታ ላይ ተሠርቶ ነው ወደ ኢትዮጵያም የደረሰው። በቆሎው በመስመር በ75 ሳንቲ ሜትር ርቀት ይዘራል። በእያንዳንዱ ሁለት መስመር መካከል ዴስሞዲየም የሚባል የጥራጥሬ ወገን የሆነ የመኖ ተክል ይገባል፤ ዘሩ በጣም ደቃቅ ስለሆነ አንድ እጅ ዘር ከሁለት እጅ ደቃቅ አሸዋ ጋር ተደባልቆ ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ባለው ቦይ ይዘራና በስሱ አፈር ይለብሳል። ጥልቅ ከሆነ አይበቅልም፤ የብዙ ሰው ዴስሞዲየም የሚከሽፈው እዚህ ላይ ነው። ሌላው የክሽፈት ምክንያት የመጀመሪያው አረም ነው፤ ዴስሞዲየም ሲበቅል ቀርፋፋና ትንሽ ስለሆነ አራሚው ከአረም ጋር ይነቅለዋል። በ3ኛውና በ5ኛው ሳምንት በእጅ፣ ተክሉን በሚያውቅ ሰው መታረም አለበት። በማሳው ዙሪያ ሦስት መስመር የዝሆን ሣር ይተከላል፤ በመስመሮች መካከል 75፣ በተክሎች መካከል 50 ሳንቲ ሜትር፣ ከበቆሎው 1 ሜትር ራቅ ብሎ። ደረቅ በሆነ አካባቢ በዝሆን ሣር ፋንታ ብራኪያሪያ የሚባለው ሣር ይሻላል። አንዱ ማሳ ከ50 በ50 ሜትር እንዳይበልጥ ይመከራል፤ ከበለጠ የዳሩ ሣር መሃሉን አይደርስለትም።

የዝሆን ሣሩ ሥራ የእሳት እራቷን ስቦ እንቁላሏን እዚያ እንድትጥል ማድረግ ነው፤ ትሎቹ ሲገቡበት የሚያጣብቅ ፈሳሽ ያወጣና አብዛኞቹ ይሞታሉ። የሱዳን ሣር በዳር ሲተከል ግን ትሎቹ ያድጉበታል፤ ተርቦቹም እዚያ በብዛት ይራባሉ። የትኛው ይሻላል ብትሉኝ የዝሆን ሣሩ ለገበሬ ይቀላል፤ ከብት ላለው ደግሞ መኖ ነው። ዴስሞዲየም በሚያወጣው ሽታ የእሳት እራት ያባርራል ወይስ አያባርርም በሚለው ላይ ግን በቅርብ ዓመታት ክርክር አለ። አንዳንድ ተመራማሪዎች ካልተጎዳ ዴስሞዲየም የሚወጣው ሽታ ትንሽ ነው፣ ይልቁንም ቅጠሉና ግንዱ ላይ ያሉት መንጠቆ መሰል ፀጉሮች ትሎችን ይዘው ይገድላሉ ይላሉ፤ ሌሎች ማሳ ላይ ለክተው ሽታውን አግኝተናል ይላሉ። አቀንጭራ የተባለውን ጥገኛ አረም ማጥፋቱ ግን አያከራክርም፤ ለማሽላና ለበቆሎ ገበሬ ያ ብቻውን በቂ ምክንያት ነው።

ወደ ወለላው ልመለስ። የኮቴሲያ አፍ አጭር ነው፤ ጥልቅ አበባ ውስጥ አይደርስም። የሚጠቅማት ወለላው ፊት ለፊት የተጋለጠ ደቃቅ አበባ ነው፤ ድምብላል፣ እንስላል፣ ነጭ አዝሙድ። ጓሮ ውስጥ ዘሩ እንዲይዝ የተተወ ድምብላል ጠዋት ፀሐይ ሲሞቅ ብትመለከቱት፣ ነጫጭ አበቦቹ ላይ ከዝንቡ በላይ ደቃቅ ተርብ ይበዛበታል። ከአበባ ውጭ ወለላ የሚሰጡ ተክሎችም አሉ። የባቄላ ቅጠል ከግንዱ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ያለችውን ትንሽ ቅጠል ገልብጣችሁ እዩ፤ ጥቁር ነጥብ አለባት። ያቺ ነጥብ የወለላ እጢ ናት፤ ባቄላው ከማበቡ በፊትም ስኳር ታወጣለች። ጉሎ ቅጠሉ ከዘንጉ ጋር የሚያያዝበት አካባቢ፣ ጥጥ ደግሞ በቅጠሉ ጀርባ መካከለኛ ጅማት ላይ እንዲህ ያለ እጢ አላቸው። ለተርብ እነዚህ ከአበባ ይሻላሉ፤ ረጅም ጊዜ ይቆያሉ፣ በቀላሉ ይደረሳሉ። ጉንዳን ግን ቦታውን ይይዘዋል፤ ጉንዳን የወረረው ጉሎ ላይ ተርብ አትጠብቁ።

ሰዓቱን ማስላት ያስፈልጋል። ድምብላል ከተዘራ በኋላ ለማበብ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ይፈልጋል፤ በቆሎ በትል የሚጠቃበት ወሳኝ ጊዜ ከበቀለ ከሁለተኛው እስከ ስድስተኛው ሳምንት ነው። አንድ ላይ ከተዘሩ አበባው የሚደርሰው ጉዳቱ ካለፈ በኋላ ነው። ውሃ ያለው ሰው ድምብላሉን ከበቆሎው አራት ሳምንት ቀድሞ ይዝራ፣ ከዚያም በየሦስት ሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ይጨምርበት። ዝናብ ብቻ የሚጠብቅ ሰው ይህን ማድረግ አይችልም፤ ለእሱ የሚሻለው በማሳው ዳር ያሉትን ጉሎዎች አለመቁረጥና በዳሩ ላይ የባቄላ መስመር መጨመር ነው።

አንድ ጥንቃቄ፦ ወለላ የእሳት እራቷም ምግብ ነው። አውስትራሊያ ውስጥ በድንች እሳት እራት ላይ በተሠራ ጥናት አንዳንድ አበቦች ተርቧንም ተባዩንም መግበዋል፤ ፋሲሊያ የሚባለው አበባ ግን ተርቧን ብቻ ጠቅሟል። ስለዚህ አበባ ከተከላችሁ በኋላ ትሉ ከበዛ አበባውን መጠርጠር ተገቢ ነው።

ጎመን ሌላ ነገር ነው። ጎመንና ጎመን ዘር ሲቆረጡ የሚወጣው፣ ሰናፍጭ ላይ የሚታወቀው ያ አፍንጫ የሚወጋ ሽታ፣ ዲያሬቲዬላ የምትባለውን የክሽክሽ ተርብ በቀጥታ ይስባል። ይህች ተርብ ክሽክሽን ለማግኘት መጀመሪያ ጎመንን ትፈልጋለች። የተወጋ ክሽክሽ ያብጥና የደረቀ ገለባ መልክ ይይዛል፤ ተርቧ ከወጣች በኋላ ጀርባው ላይ ክብ ቀዳዳ ይቀራል። ቅጠል ላይ እንዲህ ያሉ ብዙ ካያችሁ መድኃኒት ከመርጨት ታቀቡና ለጥቂት ቀን ጠብቁ።

መጤ ተምች በ2017 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያ ከገባ በኋላ በተደረገ ቅኝት በትሉ ላይ በብዛት የተገኘችው ኮቴሲያ ኢሲፔ ናት፤ ከተሰበሰቡት ትሎች ከ33.8 እስከ 45.3 በመቶ የሚሆኑት በእሷ የተወጉ ነበሩ። አዲስ ለገባ ተባይ ይህ ትልቅ ቁጥር ነው፤ ነባሯ ተርብ የማታውቀው ትል የበላውን የበቆሎ ሽታ ተከትላ ደርሳለች ማለት ነው።

የተከላችሁት ነገር ተርብ ማምጣቱን በግምት ሳይሆን በቁጥር ማወቅ ይቻላል። ከተተከለበትም ካልተተከለበትም ማሳ 50፣ 50 ትል ሰብስቡ። እያንዳንዱን ትል ለብቻው ክዳኑ በስስ ጨርቅ በታሰረ የፕላስቲክ ስኒ ውስጥ አድርጉ፤ መጤ ተምች አብረውት ያሉትን ይበላል። ለተምች ለጋ የበቆሎ ቅጠል፣ ለአገዳ ቆርቁር ደግሞ አምስት ሳንቲ ሜትር የሚሆን የተሰነጠቀ አገዳ ስጡት፤ በየሁለት ቀኑ ቀይሩለት። ፀሐይ የማያገኘው፣ ጉንዳን የማይደርስበት ቦታ ላይ ለሦስት ሳምንት ያህል ተከታተሉት። እግሮቹን ውሃ የያዘ ሳህን ውስጥ ያስቀመጡት ጠረጴዛ ጉንዳንን ይከለክላል። ስኒው ውስጥ ጤዛ ከያዘ ትሉ በሻጋታ ይሞታል፣ ቅጠሉ ከደረቀ በረሃብ ይሞታል፤ እንዲህ የሞቱትን ከስሌቱ አውጡና ነጭ ጎጆ የተሠራባቸውን ለቀሪው አካፍሉ።

በዚህ ቆጠራ ላይ ዋናው ስህተት የትል መጠን ነው። ኮቴሲያ ኢሲፔ የምትወጋው ገና የተፈለፈለውን ትንሽ ትል ነው፤ ትሉም ሳይተልቅ ይሞታል። ሰው ግን ለዓይኑ የሚታየውን ትልቁን ተምች ይሰበስብና «ተርብ የለም» ብሎ ይደመድማል። ትልልቆቹ የተረፉት ናቸው። ቅጠሉ ላይ እንደ መስኮት የሳሳ ነጭ ነጥብ ያለባቸውን ተክሎች ፈልጉና እዚያ ያሉትን ትንንሾች ውሰዱ። ማሳው ባለፉት ሁለት ሳምንታት ተረጭቶ ከነበረም ቆጠራውን አስተላልፉት፤ መድኃኒቱ አገዳ ውስጥ ከተደበቀው ትል ቀድሞ ቅጠል ላይ የምትሄደውን ተርብ ስለሚገድል የምታገኙት ቁጥር ስለ ተክሉ ምንም አይነግራችሁም።